«ዋናው መንፋቱ ነው» የሚባለው ይቅር!



እንደሚታወቀው በየግቢው ጎማ የሚነፋው፣ ወንበርና ቁም ሣጥን ቀለም የሚረጨው ባለሙያ በዝቷል። ይህ እሰየው የሚያሰኝ ነው። የምንነቅፈው ሥራውን ሳይሆን፣ ስለ ኮምፕሬሰር ሲጠየቅ «ምን ችግር አለው፣ ዋናው መንፋቱ ነው» የሚለውን መልስ ነው።

አንዳንዱ ሲገዛ የሚያየው የጋኑን ትልቅነት ብቻ ነው። ጋን ግን አየር ያስቀምጣል እንጂ አየር አይሠራም። ባለ 50 ሊትር ጋን በ8 ባር ሲሞላ የሚሰጠው 400 ሊትር ያህል ነው። በደቂቃ 200 ሊትር የሚጠጣ የቀለም መርጫ ይህን ወዲያው ይጨርሰዋል። ስለዚህ ሻጩን «በደቂቃ ስንት ሊትር ያወጣል?» ብለን እንጠይቅ። የሚስበውን ቢነግረን አንቀበል፤ የሚያወጣው ከዚያ ያነሰ ነውና። በዚያ ላይ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ ማሽኑ ከባሕር ጠለል ይልቅ ሩብ ያህል ያነሰ አየር ይጨምቃል። ለጎማ ትንሹ ይበቃል። ለቁም ሣጥን ቀለም ግን ሳያርፍ ሲሮጥ ውሎ ሞተሩ ይቃጠላል።

«ርካሽ ሁሉ አይረባም» የሚሉም ተሳስተዋል። ርካሹም ቢሆን የግፊት መለኪያ፣ ሲሞላ በራሱ የሚያጠፋ ማብሪያና የደኅንነት ቫልቭ ካለው ያገለግላል። አደገኛው ቫልቩ «አፈሰሰ» ተብሎ በቡሎን የተደፈነው ነው። አደገኛው ከፍሪጅ ሞተርና ከአሮጌ ሲሊንደር የተገጣጠመው ነው። የሚያፈስ ቫልቭ ይለወጣል እንጂ አይደፈንም! «ገንዘብ ከየት?» ለሚለን፣ የቫልቭ ዋጋ ከማሽኑ ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

ሌላው ጠላት ውሃ ነው። በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ጋኑ ሥር እየተጠራቀመ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። የውጭ ቀለሙ እያማረ ውስጡ ይሳሳል። ከዚያ አንድ ቀን ይፈነዳል። ግድግዳችን የተያያዘ ነው፤ ልጆቻችን የሚጫወቱት በአንድ ደጅ ነው። ስለሆነም ጉዳዩ የባለቤቱ ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

በመሆኑም፦
1. ማታ ማታ ግፊቱ ከተቀነሰ በኋላ የጋኑ ውሃ ይፍሰስ።
2. የተደፈነ ቫልቭ ያለው ማሽን ዛሬውኑ ይቁም።
3. በአየር ልብስና ገላ ማራገፍ ይቅር፤ ዓይን ያጠፋል።

ሳይቃጠል በቅጠል!