ማባዛቱ የሚደብቀው አደጋ

የፋብሪካ አክሲዮን የሚገዛ ሰው የትርፍና ኪሣራ ሰንጠረዡን ያገላብጣል፤ የማሽኑን ዕድሜና የብድሩን ወለድ ይጠይቃል፡፡ ፋብሪካው በሚያመርተው ዕቃ ላይ የትኛው ልኬት ቢዛነፍ ሰው ሊሞት እንደሚችል የሚጠይቅ ባለገንዘብ ግን ብዙም አይገኝም፡፡ ጉዳዩ ለመሐንዲሶች የተተወ ይመስላል፡፡ ጄኔራል ሞተርስ ግን የባለገንዘቡም መሆኑን በብዙ መቶ ሚሊዮን ዶላር ተምሮታል፡፡

ጥያቄውን የሚመልስ አሠራር ከተዘረጋ ቆይቷል፡፡ ኤፍኤምኢኤ ይባላል፤ መነሻውም እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣ የአሜሪካ ጦር ኃይል መመሪያ ነው፡፡ የምርት ሂደቱ ደረጃ በደረጃ ይዘረዘራል፤ በየደረጃው ሊፈጠር ለሚችለው ብልሽት ሦስት ነጥቦች ይሰጣሉ፡፡ አንዱ ለጉዳቱ ክብደት፣ አንዱ ለድግግሞሹ፣ አንዱ ደግሞ ብልሽቱን ከፋብሪካ ሳይወጣ ለመያዝ ላለው አስቸጋሪነት ነው፡፡ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 10 ይደርሳል፡፡ ለብዙ ዓመታት ሦስቱ ተባዝተው ትልቅ ቁጥር ያገኘው ብልሽት ቅድሚያ ሲሰጠው ኖሯል፡፡

ጣጣው እዚህ ላይ ነው፡፡ ፍሬን የሚያሳጣ ብልሽት ክብደቱ 10፣ ድግግሞሹ 2፣ አስቸጋሪነቱ 3 ቢሆን ውጤቱ 60 ይሆናል፡፡ የቀለም ጭረት 4፣ 5 እና 6 ቢሰጠው 120 ይመጣል፡፡ በዚህ ሂሳብ ፋብሪካው ፍሬኑን ትቶ ቀለሙን ያሳምራል ማለት ነው! የአሜሪካና የጀርመን የመኪና ኢንዱስትሪ ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2019 በጋራ ባወጡት መመሪያ ማባዛቱን ትተው ክብደቱን ያስቀደሙት በከንቱ አይደለም፡፡

ልዩ ባሕርያት የሚባሉትም የሚለዩት ከዚሁ ክብደት ተነስቶ ነው፡፡ በፎርድ ልማድ ለምሳሌ ክብደቱ 9 ወይም 10 የሆነ ብልሽት የሚያስከትለው ልኬት፣ ድግግሞሹ ምንም ያህል ቢያንስ፣ "አሳሳቢ" ተብሎ ምልክት ይደረግበታል፡፡ ምልክቱ ከንድፉ ተነስቶ እስከ ሠራተኛው ጠረጴዛ ይወርዳል፡፡ ሁሉንም ልኬት ልዩ ማለት ደግሞ የቁጥጥሩን ወጪ ማናርና ሠራተኛውን ማደንዘዝ ነው፡፡

ወደ ጄኔራል ሞተርስ እንመለስ፡፡ ነገሩ የሞተር ማስነሻ ቁልፍ የሚዞርበት ማብሪያ ነው፡፡ ቁልፉን ባለበት የምትይዘው አነስተኛ ሞላ ናት፡፡ ለማዞር የሚያስፈልገው ኃይል 20 ኒውተን ሴንቲሜትር፣ ቢያንስ 15 እንዲሆን ተወስኖ ነበር፡፡ ዴልፊ የተባለው አቅራቢ የሠራው ማብሪያ ይህን አላሟላም፤ ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2002 ጸደቀ፡፡ የአሽከርካሪው ጉልበት ቢነካው ወይም የቁልፍ ማያያዣው ቢከብድ ቁልፉ በራሱ ይዞራል፣ ሞተሩም በጉዞ ላይ ይጠፋል፡፡

መሐንዲሶቹ ይህን ያውቁ ነበር፡፡ የመደቡት ግን ከደህንነት ሳይሆን ከደንበኛ ምቾት ጎራ ነው፡፡ መሪው ቢከብድም መኪናው ይታዘዛል ብለው ነበርና፡፡ ቁልፉ ሲዞር ኤርባጉም እንደማይነፋ አላገናዘቡትም፡፡ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል፡፡ ኩባንያው ያስጠናው የቫሉካስ ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ2014 ያጋለጠው ይህንኑ የምደባ ስህተት ነው፡፡ የክብደቱ ነጥብ 10 ቢሆን ኖሮ ያ 15 ቁጥር ልዩ ባሕርይ ይሆን፣ ሳያሟላ የሚጸድቅበት በርም ይጠብ ነበር፡፡ የካሳ ፈንዱ ለ124 ሟቾች ቤተሰቦች ካሳ ፈቀደ፤ የፈንዱ ጠቅላላ ክፍያ 594.5 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ኩባንያው ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጋር በ900 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ፡፡

የመለዋወጫ ነጋዴ ልብ ሊለው የሚገባ ሌላም ነገር አለ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2006 ማብሪያው ተሻሻለ፤ የዕቃ ቁጥሩ ግን አልተለወጠም፡፡ ደካማውና ጠንካራው በአንድ ቁጥር በየመደርደሪያው ተቀላቀሉ፡፡ በ2014 ጥሪው ደህና ማብሪያ ይዘው ወደወጡት የ2008 እስከ 2011 ሞዴሎች ጭምር የሰፋው፣ በጥገና ጊዜ አሮጌው ገብቶባቸው ይሆናል በሚል ስጋት ነው፡፡

በአገራችንም ከውጭ በሚመጣ ክፍል መኪና የሚገጣጥሙ ፋብሪካዎች አሉ፤ ገንዘባቸውን በዚህ መስክ ለማዋል የሚያስቡም አይጠፉም፡፡ ለመሆኑ ከሳጥኑ ጋር የልዩ ባሕርያቱ ዝርዝር ይመጣል? ፈራሚው ውሉን ሲያነብ ሁለት አንቀጽ ይፈልግ፡፡ አንዱ አቅራቢው ዝርዝሩን የማስረከብ ግዴታ እንዳለበት የሚናገር ነው፡፡ ሌላው የትኛውም ክፍል ሲቀየር የዕቃ ቁጥሩ አብሮ እንዲቀየር የሚያስገድድ ነው፡፡ የሌሉ ከሆነ ዋጋው ከመቆረጡ በፊት ይጨመሩ፡፡