የገጠር ዕረፍት ነፃ አይደለም
አሜሪካኖች ከነቤተሰባቸው ከብት እርባታ ቦታ ሄደው ፈረስ ለመጋለብና ከብት ለመንዳት ዶላር ይከፍላሉ። እኛ ጋ ይሄ ያስቃል፤ «ግራና አጎት እያለን ማን ይከፍላል?» እንላለን።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ከአዲስ አበባ አምስት ሆነን ስንሄድ አጎት በግ ያርዳል፤ የውሃ ተራው ያልፈዋል፤ አክስት ከምድጃ አትነሳም። የኛ ዕረፍት የነሱ ወጪ ነው።

እዚያው ሰሜን ወሎ፣ መቄት ላይ «ተስፋ» በተባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ገበሬዎች ጎጆ ሠርተው እንግዳ በክፍያ ያስተናግዱ ነበር፤ ጓዝ ለሚጭነው አህያ ሳይቀር ይከፈል ነበር። ሐብሩስ ምን ይጎድለዋል?

መንገዱ ሰላም ሲሆን ልጆችን ይዞ መሄድ ጥሩ ነው፤ ከብት ማገድ፣ ቦይ መመለስ ያያሉ። ብቻ ከስኳርና ከቡናው ጋር የሚገባውን ብርም እንያዝ። አጎት «አልቀበልም» ካለ፣ ለልጆቹ የደብተር መግዣ ይሁን።