ዛጎሉ ከአንቀልባው አይለይ

ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረችው የጋይንቷ ከተማ ንፋስ መውጫ ከባሕር የራቀች ብትሆንም፣ ዛጎል ለጋይንትና ለጎረቤቶቿ ለስማዳና ለእስቴ እንግዳ አይደለም፤ በሰሜኑ ደጋ እንደተለመደው በአንቀልባ ላይ፣ ማለትም ሕፃን በጀርባ በሚታዘልበት የለፋ ቆዳ ላይ፣ በረድፍ እየተሰፋ የእናቶች ጌጥ ሆኖ ኖሯል። ዛጎልን በቤቱ ሰብስቦ ለእንግዳ ማሳየት የሚወድ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበትም ይህንኑ የእናቱን ንብረት ነው።

ዛጎል በሕንድ ውቅያኖስና በቀይ ባሕር ሙቅ ውኃ የሚኖር፣ ከቀንድ አውጣ ጋር የሚዛመድ እንስሳ ቅርፊት ሲሆን፣ እንስሳው በሕይወት ሳለ ሥጋው ቅርፊቱን ከውጭም ስለሚሸፍነው ገጹ እንደተወለወለ ይቆያል። በእስያና በምዕራብ አፍሪካ ለብዙ ዘመን መገበያያ ሆኖ ሲያገለግል፣ በኢትዮጵያ ደጋ ግን የገንዘቡን ሥራ አሞሌ ጨው ይዞት ስለነበር፣ የሲራራ ነጋዴ ያመጣው ዛጎል በይበልጥ የታወቀው በጌጥነቱ ነው። ከቡዳ ዓይን ይጠብቃል ተብሎም ታምኖበታል።

አሮጌ አንቀልባን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው፣ የዛጎሉ የጀርባ ጉብታ ተፍቆ መነሣቱን፣ በዚህም የተነሣ ዛጎሉ ቆዳው ላይ ልጥፍ ብሎ ጥርሳሙ ስንጥቅ ወደ ውጭ መዞሩንና የተሰፋበት ክር ወይም ጅማት በተከፈተው ቀዳዳ ማለፉን ያስተውላል። ይህ የእጅ ጥበብ የሚነበበው ዛጎሉ ከቆዳው ጋር እስካለ ድረስ ብቻ ነው፤ ስለዚህ አንቀልባን በጨርቅ ማዘያ የተካ ቤተሰብ ዛጎሉን ፈልቅቆ በብርጭቆ ሞልቶ ቡፌ ላይ ቢደረድር፣ ያተረፈው ጌጥ ካጠፋው ታሪክ ጋር አይመጣጠንም። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ባለው ሙዚየሙ፣ ተራ የሚመስሉ የቤት ዕቃዎችን ሳይቀር በቅርስነት ለእይታ ማቅረቡ ለዚህ በቂ አርአያ ነው።

አያያዙ ቀላል ነው። ዛጎል የተሠራው ከኖራ ድንጋይ ዓይነት ማዕድን በመሆኑ አሲድ ይበላዋል፤ በሎሚ ወይም በኮምጣጤ መታሸት የለበትም፣ በረኪናም ቆዳውን ያደርቀዋል፤ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ማንሣት፣ ከምድጃ ጢስና በቀጥታ ከሚያርፍ ፀሐይ አርቆ መስቀል ይበቃል።

አንቀልባው በቤታችሁ ካለ፣ ማን እንደሰፋውና እነማን እንደታዘሉበት እናቶችን በሕይወት ሳሉ ጠይቁ፤ የነገሯችሁንም ጽፋችሁ ከአጠገቡ አኑሩ።