ክሬዲት ለነጋዴው አደራ ነው

«ዱቤ ዛሬ የለም፤ ነገ ይሞክሩ» የሚለውን ጽሑፍ በብዙ ሱቆች መደርደሪያ ላይ ተሰቅሎ ያላየ አንባቢ የለም። በዱቤ የሚጎዳው ሻጩ ነውና ጥንቃቄው ከእርሱ በኩል መምጣቱ አያስደንቅም። ነገር ግን በዘመናችን ዱቤው ፊቱን ያዞረበት የአሻሻጥ ዘዴ በዓለም ገበያ ተስፋፍቷል። ይኸውም ደንበኛው ገንዘቡን አስቀድሞ ከፍሎ «ክሬዲት» የሚባል ነጥብ ይገዛል፤ ከዚያም አገልግሎቱን በፈለገ ጊዜ ከነጥቡ እየተቀነሰለት ይጠቀማል። እንግዲህ አበዳሪው ደንበኛው፣ ባለ ዕዳው ነጋዴው ሆነ ማለት ነው። ዘዴው በተለይ በስፖርት ቤቶች ዘንድ የታወቀ ስለሆነ፣ ጥቅሙንና አደጋውን መመርመር ለሁላችንም ይበጃል።

እንደሚታወቀው ቡና ላኪ ዛሬ ያልሸጠውን ጆንያ በመጋዘን ያሳድረዋል፤ ጨርቅ አስመጪም ያልተሸጠውን ጣቃ ለመጪው በዓል ያቆየዋል። ስፖርት ቤት የሚሸጠው ግን ሰዓትና ስፍራ ነው። ከጧቱ በ4 ሰዓት ባዶ የቀረ ስፍራ ሰዓቱ ሲያልፍ አብሮ ያልፋል፤ የቤቱ ኪራይና የአሠልጣኙ ደመወዝ ግን አይቀሩም። ከዚህም የተነሣ ባለቤቱ ባዶውን ሰዓት በርካሽ፣ የሚሻሙበትን ሰዓት በውድ ለመሸጥ ይፈልጋል። ክሬዲት ይህን ለማድረግ ያመቻል፤ የነጥቡ ዋጋ ሳይለወጥ ለአንዱ ሰዓት አንድ፣ ለሌላው ሁለት ነጥብ ማስከፈል ይቻላልና።

የዚህ ነገር ዋና ትምህርት ቤት ኒው ዮርክ ናት። በወይዘሮ ፓያል ካዳኪያ የተመሠረተው ክላስፓስ የተባለው ኩባንያ የብዙ ስፖርት ቤቶችን ትምህርት በአንድነት ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. በወር 99 ዶላር ለከፈለ ሁሉ ያለ ገደብ መማርን ፈቀደ። ደንበኛው የሚከፍለው በወር ሲሆን፣ ኩባንያው ግን ለስፖርት ቤቶቹ የሚከፍለው በእያንዳንዱ ጉብኝት ነበር። ስለዚህ እጅግ ትጉሁ ደንበኛ እጅግ አክሳሪው ደንበኛ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. በዚያች ከተማ ዋጋውን ወደ 125 ዶላር፣ በ2016 ዓ.ም. ለአዲስ ደንበኛ ወደ 200 ዶላር ቢያደርሰውም ሊያዛልቀው ስላልቻለ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ያለ ገደብ የሚለውን አሠራር ተወው። በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ክሬዲት ተሻገረ። የነጥቡም ብዛት እንደ ሰዓቱ፣ እንደ ስፍራውና እንደ ፈላጊው ብዛት ይለያይ ጀመር።

ወርሃዊ ክፍያ ግን በተቃራኒው ደንበኛውንም ይጎዳል። ስቴፋኖ ዴላቪኛና ኡልሪከ ማልመንዲየር የተባሉ የኢኮኖሚ ሊቃውንት በአሜሪካ የሦስት ስፖርት ቤቶችን መዝገብ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. ያወጡት ጥናት ይህንን ያስረዳል። በወር ከ70 ዶላር በላይ የሚከፍሉት አባላት በወር የመጡት በአማካይ 4.3 ጊዜ ብቻ ነበር፤ ለአንድ ጊዜም ከ17 ዶላር በላይ ወጣባቸው። የአሥር ጊዜ ካርድ ቢገዙ ግን ለአንድ ጊዜ 10 ዶላር ብቻ በከፈሉ ነበር። እንግዲህ ደንበኛ የተጠቀመበትን ብቻ ቢከፍል ፍትሐዊ ነውና፣ በዚህ በኩል ክሬዲትን እኔም እደግፋለሁ።

ይሁን እንጂ ሒሳቡን በወረቀት ላይ ሳያሰሉ መግባት ያከስራል። ለምሳሌ ያህል 20 ስፍራ ያለው ቤት ለአንድ ሰዓት 200 ብር ያስከፍላል እንበል። ማታ በ12 ሰዓት 20 ሰው፣ ጧት 5 ሰው ቢመጣ የቀኑ ገቢ 5,000 ብር ነው። አሁን አንዱን ነጥብ በ100 ብር ሸጦ ለማታ ሁለት፣ ለጧት አንድ ነጥብ ቢያደርግና የጧቱ ሰው 16 ቢሆን፣ የማታውም ሳይጎድል ቢቀር፣ ገቢው 5,600 ብር ይሆናል። ነገር ግን አዲስ ሰው ሳይመጣ ከማታዎቹ ስድስቱ ወደ ጧት ቢዛወሩ፣ ገቢው ወደ 3,900 ብር ይወርዳል። ስለዚህ ዘዴው የሚጠቅመው አዲስ ደንበኛ ሲያመጣ ነው እንጂ ነባሩን ከውዱ ወደ ርካሹ ሲያዘዋውር አይደለም።

ከሁሉ የሚከፋው አደጋ ግን ሌላ ነው። እኔው ራሴ በዚችው በአዲስ አበባ ከአንድ ስፖርት ቤት የአሥር ጊዜ ካርድ ገዝቼ ነበር። አራት ጊዜ ከተጠቀምሁበት በኋላ ቤቱ ተዘግቶ አገኘሁት። ባለቤቱን አግኝቼ ብጠይቀው፣ ገንዘቡን ገና እንደ ተቀበለ ለኪራይና ለመሣሪያ እንዳዋለው ነገረኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ስሕተቱ ያልሠራበትን ገንዘብ እንደ ትርፍ መቁጠሩ ነው። እኔ ያጣሁት የስድስት ጊዜ ዋጋ ነው፤ እርሱ ግን ስሙን አጣ።

ስለዚህ ይህን ዘዴ ለሚጀምሩ ሁሉ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የአንዱ ነጥብ ዋጋ በብር ተጽፎ በግልጽ ይለጠፍ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ዋጋ በግልጽ እንዲታይ ማዘዙ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ነጥብ ዋጋን መሸሸጊያ መሆን የለበትም። ሁለተኛ፣ ያልተሠራበት ነጥብ በመዝገብ ላይ ዕዳ ተብሎ ይያዝ፤ ወደ ገቢ የሚዛወረው ደንበኛው ሲጠቀምበት ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ ነጥቡ የሚያበቃበት ቀን ሰፊ ይሁን፤ ከሽያጩም በፊት ይነገር።

«ቀን ካልተወሰነ ነጥቡ ተጠራቅሞ አንድ ቀን ይወርድብናል» የሚል ባለ ንግድ ይኖራል። ስጋቱ እውነት ነው፤ እኔም ቀን አይኑር አላልሁም። በአንድ ወር ውስጥ የሚቃጠል ነጥብ ግን ያንኑ የወርሃዊ ክፍያ ጉዳት በሌላ ስም መመለስ ነው። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ የስጦታ ካርድ ገንዘብ ከአምስት ዓመት በፊት እንዳያበቃ ከልክሏል። ሕጉ የወጣው ለስጦታ ካርድ ቢሆንም፣ ሐሳቡ ለእኛም ይጠቅማል፤ አስቀድሞ የተከፈለ ገንዘብ በቶሎ የሚበላ ሲሳይ አይደለምና።

ይህ ምክር ለስፖርት ቤት ብቻ አይደለም። ቀብድ ተቀብሎ ዕቃ የሚያስመጣም ሆነ የስጦታ ኩፖን የሚሸጥ ባለሱቅ በዚሁ ሚዛን ላይ ይቆማል። ዱቤ ስንሰጥ ተበዳሪውን መርምረን ነው። ደንበኛው ግን ገንዘቡን አስቀድሞ ሲሰጠን መዝገባችንን አገላብጦ አላየም፤ ያመነው ስማችንን ነው። ያንን እምነት በደረሰኝና በመዝገብ እንጠብቀው።