ፎቶ የሌለው አገልግሎት

በዚህ ወር የማጫውታችሁ ስለ አንድ ስህተቴ ነው። ስህተቱን የሠራሁት ክፉ አስቤ አይደለም፤ እንዲያውም በጣም ደግ ነገር እየሠራሁ ነው ብዬ ባመንኩበት ሰዓት ነው። በየአጥቢያችሁ፣ በማኅበር ወይም በሰንበት ትምህርት ቤት የምታገለግሉ ከሆናችሁ ምናልባት ትማሩበት ይሆናል።

ሥራዬ ማርኬቲንግ እንደሆነ ይህን ዓምድ የምትከታተሉ ታውቃላችሁ። በእኛ ሙያ ያልታየ ነገር እንደሌለ ይቆጠራል። ዕቃው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ሰው ካላየው አይሸጥም። ዩኒቨርሲቲ ቢዝነስ ስማር የሰማሁት ይህንኑ ነው፤ ደመወዝ የሚከፈለኝም ለዚሁ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ የምኖርበትን ይህን ሕግ እሁድም ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዤው እንደምገባ ግን ልብ አላልኩም ነበር።

በእኛ አጥቢያ በወር አንድ እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አረጋውያንንና አቅመ ደካሞችን ምሳ የምናበላ ማኅበር አለን። ቅዳሜ ከሰዓት ሽንኩርት ይላጣል፣ ምስር ይለቀማል። እሁድ ከሌሊቱ ጀምሮ ድስቱ ይጣዳል። ወጪው የሚሸፈነው በአባላት ወርኃዊ መዋጮ ነው። የጤፍና የዘይት ዋጋ ሲንር ግን መዋጮው አልበቃ አለ። አንድ ቀን ሰብሳቢያችን ጠሩኝና «አንቺ ማስታወቂያ አይደል የምትሠሪው? እስቲ ለእግዚአብሔርም አንድ ነገር ሥሪ» አሉኝ።

ሠራሁ። የቴሌግራም ቻናል ከፈትኩ። የምሳው ዕለት በጠዋት ሄጄ ብርሃኑ የሚያምርበትን ቦታ መረጥኩ። እንጀራ የሚቆርስ የአዛውንት እጅ፣ ለምርቃት ወደ ላይ የተዘረጋ መዳፍ፣ ነጭ ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ሳህናቸውን ይዘው ፈገግ ሲሉ፤ ሁሉንም አነሳሁ። ከሥሩ ልብ የሚነካ ጽሑፍ ጨመርኩበት። ፎቶዎቹ ከስልክ ወደ ስልክ ተላለፉ፤ በውጭ አገር የሚኖሩ የሰፈራችን ልጆች ሳይቀሩ ገንዘብ ላኩ። በሁለት ወር የገባው ከዚያ በፊት በግማሽ ዓመት ከምንሰበስበው በለጠ። ሰብሳቢያችን በአባላቱ ሁሉ ፊት አመሰገኑኝ። አልዋሻችሁም፤ ከገንዘቡ ይልቅ ምስጋናው ደስ አለኝ።

በሦስተኛው ወር አንድ ቦታ ባዶ ሆነ። እኒያ ነጭ ነጠላ የለበሱት እናት ሁልጊዜ የሚቀመጡት ከአዳራሹ ጥግ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ነበር። ሌላው ሰው አንድ ጊዜ መርቆ ሲሄድ እሳቸው የእያንዳንዳችንን ስም እየጠሩ ነበር የሚመርቁት። የዚያን ዕለት አልመጡም። በሚቀጥለው ወርም አልመጡም።

ሳህን የሚያጥቡልን እትዬ አሉ፤ ማኅበሩ ሲመሠረት ጀምሮ ከቧንቧው ሥር ተለይተው አያውቁም። ሰው ሁሉ የሚወራውን የሚሰማው እሳቸው ዘንድ ነውና ጠጋ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እትዬ፣ እማማ እኮ ቀሩ። አሟቸው ይሆን እንዴ?»

«አላመማቸውም» አሉኝ፣ እጃቸውን ከአረፋው ሳያወጡ።

«ታዲያ ምን ሆኑ?»

«አፈሩ።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። እማማ የሚያሳድጓት የልጅ ልጅ አለቻቸው፤ ዘጠነኛ ክፍል ናት። የክፍሏ ልጆች ፎቶውን በስልክ ያዩትና «አያትሽ ለማኝ ናቸው እንዴ?» ይሏታል። ልጅቷ እያለቀሰች ቤት ትገባለች። እማማ ለማንም ምንም አላሉም። ለእትዬ ብቻ «ምሳው ይቅርብኝ፤ ልጄ ቀና ብላ ትሂድ» አሏቸው።

ከሁሉም ፎቶዎች ብዙ ሰው የወደደውና ብዙ ገንዘብ ያመጣው የእሳቸው ነበር።

«ሳታስፈቅጂ አነሳሽ ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። የባሰው ነገር አስፈቅጄያቸው ነበር። «እማማ፣ አንድ ፎቶ ላንሳዎት?» ስላቸው ፈገግ ብለው «አንሽኝ ልጄ» ብለውኛል። ግን መቼ ጠየቅኳቸው? ሳህኑን በእጃቸው ካስያዝኩ በኋላ። የሰጣችሁትን ምግብ ይዞ የተቀመጠ ሰው «አይሆንም» ሊላችሁ ይችላል? ፈቃድ ማለት እምቢ ለማለትም ቦታ ሲኖር ነው። እኔ ያን ቦታ አልተውኩላቸውም።

ፎቶዎቹን በዚያው ቀን አጠፋሁ። ከሰው ስልክ ላይ ግን ማጥፋት እንደማልችል ታውቃላችሁ። ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ እትዬን እንዲወስዱኝ ለመንኳቸው። ስኳርና ቡና ልግዛ ስል ክንዴን ያዙኝና «ይቅርታ ልትጠይቂ ነው ወይስ ልትረጂ?» አሉኝ። ባዶ እጄን ሄድኩ።

እማማ ቡና አፈሉልን። ቆሎ አቀረቡልን። አቦሉን ጠጥተን ልንነሳ ስንል በረካውን ሳንጠጣ እንደማንሄድ ነገሩን። ይቅርታዬን ሰሙኝና ጥቂት ዝም ብለው እንዲህ አሉኝ፦ «አንቺ በክፋት አላደረግሽውም፤ አውቃለሁ። እኔ ግን እዚያ የምመጣው ለምሳው ብቻ አይደለም፤ ከሰው ጋር ልቀመጥ ነው። ፎቶው ላይ ብቻዬን ነኝ።»

እውነታቸውን ነበር። ግራና ቀኛቸው የተቀመጡትን ሰዎች ፎቶው እንዲያምር ብዬ ቆርጬ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ።

ይህ ነገር ለቀናት ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎ አያቴን አስታወሰኝ። አያቴ ወር በገባ በ12 የሚካኤል ጽዋ ማኅበር ነበራት። ጽዋ ማኅበርን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ አባላቱ በየወሩ በአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ካህኑ ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ይባርካሉ፤ ይበላል፣ ይጠጣል፤ በመጨረሻ የሚቀጥለው ወር ተረኛ ጽዋውን ተረክቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እሁድ በቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚደረገው ሰንበቴም በተራ ነው። ልጅ ሆኜ ይህ ሁሉ ድግስ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ትልቅ ብልሃት አለበት። ዛሬ ያበላው በሚቀጥለው ወር በላተኛ ነው፤ ዛሬ የበላው ነገ ደጋሽ ነው። ሀብታሙም ድሃውም ጽዋው ይደርሰዋል። «ረጂ» እና «ተረጂ» የሚባል ወንበር ለብቻው የለም። እኛ ግን ምሳውን ስናዘጋጅ ሳናስበው ሁለት ወንበር ሠራን፤ በአንደኛው ላይም ካሜራ ደገንን።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን አንብባችሁ ከሆነ ሰባቱ ዲያቆናት እንዴት እንደተመረጡ ታስታውሳላችሁ። በኢየሩሳሌም በነበረችው የመጀመሪያዪቱ ቤተ ክርስቲያን በየዕለቱ ከሚታደለው ምግብ የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ ወገኖች መበለቶች ይዘነጉ ነበርና ቅሬታ ተነሣ። ሐዋርያቱ ቅሬታውን አላፈኑትም። ማዕዱን የሚያገለግሉ፣ በመልካም የተመሰከረላቸው ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። ከሰባቱ አንዱ በየዓመቱ ጥቅምት 17 ቀን ሹመቱን የምናከብርለት ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። ማዕድ ማገልገል ሥራ ላጣ ሰው የሚሰጥ ትርፍ ሥራ እንዳልነበረ ከዚህ ይታያል። ሌላም ነገር ይታያል፤ ለውጡ የመጣው ከማዕዱ ጥግ የተቀመጡት ሲሰሙ ነው። በእኛም ማኅበር ከጥግ የመጣ ቅሬታ ነበር፤ የሰሙት ግን ሳህን አጣቢዋ ብቻ ነበሩ።

ታዲያ ምን አደረግን? ጉዳዩን ለአባላቱ አቀረብኩ። ክርክሩ ቀላል አልነበረም። «ሰጪው ገንዘቡ የት እንደደረሰ ማየት የለበትም ወይ?» ያሉ ነበሩ፤ እውነት አላቸው። በመጨረሻ የሰው ፊት እንዳይወጣ ተስማማን። አሁን በቻናላችን የምናወጣው የጤፉንና የዘይቱን ደረሰኝ፣ የገባውንና የወጣውን ሒሳብ፣ ስንት ሰው እንደተመገበ ነው። ሒሳቡን የሚይዘው ባንክ ቤት የሚሠራ አባላችን ነው፤ ገንዘብ የሚወጣውም በሦስት ሰው ፊርማ ነው።

ገንዘቡ ቀነሰ? አዎ፣ ቀነሰ። «ፎቶ የለም እንዴ?» ብለው የጠየቁን፣ ከዚያም የጠፉ ሰዎች አሉ። ዛሬም ፎቶ እናወጣ በነበረበት ጊዜ የምናገኘውን ያህል አናገኝም። በሌላ በኩል ሰጪዎቹን «ቅዳሜ መጥታችሁ ሽንኩርት ላጡልን» ብለን መጋበዝ ጀመርን። ብዙዎቹ አልመጡም። የመጡት ግን ተመልሰው መጡ፤ ዛሬ ከእኛ አንዱ ሆነዋል።

በዚህ በጥቂት ወራት የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ለማገልገል ስትነሱ መጀመሪያ ስለ ካሜራው ሳይሆን ስለ ቀን መቁጠሪያችሁ አስቡ። በበዓል ሰሞን አጋዥ ሞልቷል፤ የሚጠፋው ተራ ቅዳሜ ላይ ነው። በየሳምንቱ እመጣለሁ ብሎ ከአንድ ወር በኋላ ከመቅረት፣ በወር አንድ ቅዳሜ ብሎ ዓመቱን ሙሉ መገኘት ይሻላል። እናንተን አምኖ ድስት የጣደ ሰው አለና።

ሁለተኛ፣ የምታውቁትን ሥራ ስጡ፤ ግን የሥራችሁን ልማድ ሁሉ አትስጡ። ሒሳብ የሚያውቅ ሒሳብ ይያዝ፤ ነርስ የሆነች የደም ግፊት ትለካ፤ እንደ እኔ ማስታወቂያ የሚያውቅም ያስተዋውቅ። ነገር ግን አንድ ፎቶ ከማውጣታችሁ በፊት «እናቴ ብትሆን አወጣው ነበር ወይ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። አገልግሎት ከቤት የሚያርቀን እንጂ ቤተሰብ የሚያቀራርበን ካልሆነ ብዙ አንዘልቅም። ልጅ ምን ይሠራል አትበሉ። እጅ ያስታጥብ። ጎንበስ ብሎ ለአንድ አዛውንት ውኃ የሚያፈስ ልጅ፣ እኛ በምክር ብዛት የማናስተምረውን ነገር ይማራል፤ ምርቃቱንም ራሱ ይቀበላል።

በጥምቀት ሰሞን ታቦቱ ሲጓዝ ፊት ፊት ምንጣፍ የሚያነጥፉትን ወጣቶች ልብ ብላችሁ አይታችኋቸው ታውቃላችሁ? የተረገጠውን ከኋላ ጠቅልለው፣ በትከሻቸው ተሸክመው፣ በሕዝቡ መካከል እየሮጡ እንደገና ፊት ያነጥፉታል። ይህንኑ እስከ ማደሪያው ድረስ ይደጋግሙታል። ካሜራው ሁሉ የሚያነጣጥረው ወደ ታቦቱ፣ ወደ ጥላውና ወደ ካህናቱ ነው፤ የዚያኑ ያህል ሩጫ የሮጠውን ልጅ ስም የሚያውቀው ጓደኛው ብቻ ነው። መንገዱ ግን ተነጥፏል።

እማማስ? ወደ ምሳው ወዲያው አልተመለሱም። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ቅዳሜ ቢላዋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው መጡና ከሽንኩርት ላጮቹ መካከል ተቀመጡ። ማንም ምንም አላላቸውም፤ ቦታ ለቀቅንላቸው። አሁን ቅዳሜ ከእኛ ጋር ይሠራሉ፣ እሁድ ከእኛ ጋር ይበላሉ። የልጅ ልጃቸው መንገድ ላይ ስታገኘኝ እስካሁን ሰላም አትለኝም። አልፈርድባትም።

ይህን ጽሑፍ ከማስረከቤ በፊት የቻናሉን የድሮ ፎቶዎች ስልኬ ላይ አንድ በአንድ አየኋቸው። እትዬ አንዱም ላይ የሉም። ለእሳቸው ነግሬያቸው «እንኳን አልኖርኩ» ብለው ሳቁና አንድ ፎጣ አቀበሉኝ። የታጠበው ሳህን መድረቅ ነበረበት።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ወር በአጥቢያችሁ ከሚታየው ሥራ ይልቅ የማይታየውን አንዱን ሞክሩና እንዴት እንደሆነ ጻፉልኝ። ፎቶ አትላኩ። በቸር ያገናኘን!