ተርብን ከተርብ ስለ መለየት

በምንጽፍበት ችሎት ባለፈው መስከረም ከቀረቡት አቤቱታዎች አንዱ ስለ ንብ ነበረ። ከሐይቅ ማዶ የሚኖር አንድ ገበሬ «የጎረቤቴ ንቦች ልጄን ነድፈው ፊቱን አሳበጡት፤ ቀፎዎቹ ከሠፈራችን ይነሡልኝ» ብሎ ከሰሰ። ተከሳሹ ሽማግሌ ግን ልጆቻቸውን ያሳደጉት በነዚያው ቀፎዎች ነው። ማር ለአምባሰል ሰው ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት ቃል ማብዛት አያሻም፤ የአገሩንም ስም «አምባ» ከሚለውና በዐረብኛ ማር ከሚባለው «ዐሰል» አገናኝተው የሚተረጕሙ አሉ።

ከሳሹ የሞተችውን በራሪ ለማስረጃ በጨርቅ ቋጥሮ አምጥቶ ነበርና፥ ዳኛው ፈቅደውልን በአጉሊ መነጽር ተመለከትናት። ንብ ጠጕራም ናት፤ የኋላ እግሯም የአበባ ዱቄት ለመሸከም ሰፋ ያለ ነው። ይህች ግን ገላዋ ልሙጥ፥ ወገቧም እንደ ክር የቀጠነ ነበረ። ደግሞ የንብ መንደፊያ ጥርስ ስላለው በቆዳ ውስጥ ተሰክቶ ይቀራል፤ የልጁ እናት ግን በፊቱ ላይ አንዳች እሾህ አላገኘችም። (እሾህ ቢገኝ ፈጥኖ ማውጣት ይገባል። የተነደፈው ሰው ትንፋሽ ቢያጥረው ወይም ጕሮሮው ቢያብጥ፥ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።) እንግዲያስ ተርብ ናት አልን።

ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበረ። ከሳሹ ግን «እንዲህ ከሆነስ ከደጄ በላይ ጭቃ የምትለጥፈዋን ዛሬውኑ በእሳት አቃጥላታለሁ» አለ። ቤቱ የሣር ክዳን መሆኑን ስንሰማ ደነገጥን።

የጭቃዋ ተርብ ጥቁር ሆና ወገቧ ቢጫ ነው፤ የስዊድኑ ሊቅ ሊኔዎስ በ1758 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስፒሪፌክስ ብሎ ሰይሟታል። ብቻዋን ትኖራለች፤ ሸረሪት ነድፋ ካደነዘዘች በኋላ ለልጆቿ ስንቅ እንዲሆን በጭቃው ቤት ታሽገዋለች። በእጅ ካልጨበጧት በቀር ሰውን መንደፏ እምብዛም ነው። የወረቀቷ ተርብ ግን እንጨት ፍቃ በምራቋ አቡክታ፥ ከጣራ ጠርዝ ሥር ወረቀት የመሰለ ቤት ታንጠለጥላለች። በማኅበር ስለምትኖር ቤቷ ሲነካ ብዙ ሆነው ይወጣሉ።

የሁለቱም ወገብ ቀጭን ሊሆን ስለሚችል ከሩቅ ያምታታሉ። ቀለምም ያታልላል፤ እኛም ራሳችን መጀመሪያ በቀለም ልንፈርድ ነበርን። የታመነው መለያ ክንፍና ዐይን ነው። የወረቀቷ ስታርፍ ክንፏን በቁመቱ እንደ ነጠላ አጥፋ ታጠብበዋለች፤ የጭቃዋ አታጥፈውም። የወረቀቷ ዐይን በውስጥ በኩል እንደ ባቄላ ፍሬ ጎደጎድ ያለ ነው፤ የጭቃዋ ግን ይህ ጕድጕድ የለውም።

የተቋጠረችው ክንፏ የታጠፈ፥ ዐይኗም የጎደጎደ ሆኖ ተገኘ። ሰው ተልኮ ቢታይ፥ ቤቷ በከሳሹ በራሱ ጎተራ ክዳን ሥር ተንጠልጥሎ ነበረ። ከሳሹ አፍሮ አቤቱታውን አነሣ። ሽማግሌውም ማታ፥ ሳይጠሩ፥ ጭስ ይዘው መጥተው አወረዱለት፤ የጭቃዋን ግን ከደጁ በላይ እንደ ነበረች ተዉአት።