ኢኳዶር፡ ጎብኚው የት ይሂድ? የትስ ይቅር?

የኢትዮጵያን ሩብ ገደማ የምታክለው ኢኳዶር የአንዲስ ተራሮችን፣ የአማዞንን ደን፣ የፓስፊክን ዳርቻና የጋላፓጎስ ደሴቶችን በአንድነት ይዛለች። ቀድሞ ጎብኚውን የሚያስቸግረው ከዚህ ሁሉ መምረጡ ነበር።

በአውሮፓውያኑ 2024 መጀመሪያ ግን አንድ የወንበዴዎች መሪ ከጓያኪል እስር ቤት መሰወሩ ከታወቀ በኋላ ታጣቂዎች በቀጥታ ሥርጭት ላይ የነበረን የቴሌቪዥን ጣቢያ ወረሩ። ፕሬዝዳንት ዳንኤል ኖቦዋም አገራቸው "የውስጥ የትጥቅ ግጭት" ውስጥ መሆኗን አወጁ።

ሁከቱ ግን በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ከኮሎምቢያና ከፔሩ የሚመጣው ኮኬይን የሚጫነው በወደቦች በመሆኑ ግድያው የከፋው በጓያኪልና በባሕር ዳርቻው አውራጃዎች ነው። ከፍታ ላይ ያለችው ኩዌንካ በአንጻሩ የተረጋጋች ናት። ከዳርቻው 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው ጋላፓጎስም እንዲሁ፤ እዚያ የሚከብደው ወጪው ነው። የውጭ ጎብኚዎች መግቢያ በነሐሴ 2024 ከ100 ወደ 200 ዶላር አድጓል።

ኪቶና ጋላፓጎስ ከላሊበላና ከሰሜን ተራሮች ጋር በ1978 የመጀመሪያው የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። ግጭት የእንግዳን እግር እንዴት እንደሚያሳጥር ላሊበላም ታውቀዋለች።

ይበልጥ የሚያሳስበው የያሱኒ ደን ነው። በ2023 ሕዝበ ውሳኔ 59 በመቶ ያህሉ መራጭ በደኑ አንድ ክፍል የነዳጅ ቁፋሮ እንዲቆም ወስኗል፤ ደጋፊዎቹ ቱሪዝምን እንደ አማራጭ ገቢ አቅርበው ነበር። በዚያ የኪቿ ተወላጆች በራሳቸው የሚያስተዳድሩት የእንግዳ ማረፊያ አለ፤ የውጭ እንግዳ ሲጠፋ የሚጎድለው የእነርሱ ገቢ ነው።